ለሆቴል ሠራተኞች የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ስትጽፊ ከእንግዳው አፍ ጀምሪ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። አንድ ሆቴል ለሠራተኞቹ የ40 ሰዓት ኮርስ ጽፈሽ አስተምሪልን ብሎኛል። አስተናጋጆች፣ የሪሴፕሽንና የሀውስኪፒንግ ሠራተኞች አሉበት። ሞጁሉን ጀምሬዋለሁ። 12 ምዕራፍ ነው። ከሲምፕል ፕረዘንት ተነስቶ እስከ ፓሲቭ ቮይስ ይሄዳል። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ የሆቴል ንግግር አስገብቻለሁ። ግን ልቤ አላመነበትም። ደረጃቸውም የተለያየ ነው። አማርኛ ይግባበት ወይስ ይቅር? ከውጭ መጻሕፍት ገጽ ኮፒ ባደርግ ችግር አለው? ክፍያውንስ እንዴት ልነጋገር?»

መልስ፦

ጥርጣሬሽ ትክክል ነው። ያዘጋጀሽው ለትምህርት ቤት ቢሆን ያስኬድ ነበር። ለሆቴል ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንየው። የካምብሪጅ ፈተና አዘጋጆች ግምት እንደሚለው፣ አንድ ተማሪ ከዜሮ ተነስቶ ኤ2 (ቀላል የዕለት ተዕለት ንግግር የሚቻልበት ደረጃ) ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይፈልጋል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቢ1 ለመድረስ ደግሞ ከ350 እስከ 400። እነዚህ ደረጃዎች የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ካወጣው ባለ ስድስት እርከን መለኪያ የመጡ ናቸው። አንቺ ያለሽ 40 ሰዓት ነው። በ40 ሰዓት የማንንም ደረጃ አታሳድጊም። ሥራ አስኪያጁ «እንደ ውሃ እንዲናገሩልኝ» ካለሽ፣ ገና ከጅምሩ ይህን ቁጥር አሳዪው። በ40 ሰዓት የሚቻለው ሌላ ነው። ሠራተኛው በየቀኑ የሚገጥሙትን አሥራ አምስት ሃያ ሁኔታዎች ሳይደናገጥ እንዲወጣቸው ማድረግ ትችያለሽ። እሱም ትንሽ አይደለም።

ደግሞ ቴንስ ለነዚህ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሌላውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰ አስተናጋጅ የሲምፕል ፓስትን ሰንጠረዥ ስንት ጊዜ ደብተሩ ላይ እንደገለበጠ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ያቃተው እሱ አይደለም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ግን ፈረቃ ነው። የሆቴል ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት ይገባል፣ ነገ ማታ። ሠርግ ወይም ስብሰባ ካለ የክፍልሽ ግማሽ አይመጣም። በቴንስ ቅደም ተከተል የተሠራ ሞጁል ደግሞ መሰላል ነው። ሦስተኛዋ እርከን ላይ የቀረ ሰው አራተኛዋን መርገጥ ያቅተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው የቆመ ይሁን። ማክሰኞ የቀረ ሰው ሐሙስ መጥቶ ምንም ሳይጎድልበት መማር አለበት።

እሺ፣ ከየት ይጀመር? ከእንግዳው አፍ።

ለሆቴል ተብለው የተጻፉ ብዙ ሞጁሎች አይቻለሁ። ንግግራቸው አንድ ዓይነት ነው። አስተናጋጁ በትህትና ይጠይቃል፣ እንግዳው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየሠራ ይመልሳል፣ ይመሰጋገናሉ፣ አለቀ። ሠራተኛው የራሱን መስመር ይሸመድዳል። እውነተኛው እንግዳ ግን ያንን ወረቀት አላነበበውም። ያጉረመርማል። ያሳጥራል። ስልክ እያወራ በጣቱ ይጠቁማል።

አስተናጋጅ የሚናገረው ጥቂት ነው። የሚሰማው ግን ማለቂያ የለውም። ሒሳብ መጠየቅን ብቻ እንውሰድ። አንዱ «ኩድ ዊ ሃቭ ዘ ቢል?» ይላል። አሜሪካዊው «ቼክ ፕሊስ» ይላል። ሌላው «ካን አይ ፔይ?» ይላል፣ አንዱ «ዊ አር ደን ሂር» ይላል። ሌላው ደግሞ ምንም አይልም፣ አየር ላይ በእጁ ይጽፋል። የአስተናጋጁ መልስ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ሰርተንሊ። ካሽ ኦር ካርድ?» አንቺ መጻፍ ያለብሽ አምስቱን ነው። አንዱ በቀላሉ ይገኛል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዝጊና ሆቴሉ ሂጂ። ቁርስ ሰዓት አንድ ጥግ ያዢ። ሪሴፕሽን አጠገብ ተቀመጪ። እንግዶች የሚሉትን እንደወረደ ጻፊው። ሰዎችን ሳይፈቅዱልሽ ግን በስልክ አትቅጂ፣ ነውርም ነው ጣጣም አለው። ከዚያ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አናግሪ። «እንግሊዝኛ ይከብድሻል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ «ትንሽ ትንሽ» ነው። ይልቅ «እንግዳ የሆነ ነገር ብሎሽ፣ ሳይገባሽ ፈገግ ብለሽ የሄድሽበት ጊዜ ነበር?» በያት። ያኔ ወሬው ይመጣል። ሪሴፕሽን ላይ የቅሬታ መዝገብ ካለ ለምነሽ እዪው። ስለ ሆቴሉ ኢንተርኔት ላይ የተሰጡትን አስተያየቶችም አንብቢ። «ዘ ስታፍ ወር ናይስ በት…» ብሎ የሚጀምረው አስተያየት አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል።

ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ በማስተማር ሙያ ሃቺንሰንና ዋተርስ የተባሉ ጸሐፊዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ያስቀመጡት አንድ ክፍፍል እስከዛሬ ይሠራል። ሥራው የሚጠይቀው፣ ሰውየው የሚጎድለውና ሰውየው ራሱ የሚፈልገው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቺም ሆቴል ውስጥ ታዪዋለሽ። አለቃው «ፍሉየንት» ይልሻል። ሥራው ትዕዛዝ በትክክል መቀበልን ይጠይቃል። ልጅቷ ደግሞ በልቧ ዱባይ ሄዳ ለመቀጠር ሰርተፊኬት ትፈልጋለች። ሦስቱንም እወቂ። የምትጽፊው ግን ሥራው ለሚጠይቀው ነው፣ ልጅቷ ለምትፈልገው ደግሞ ሁለት ሰዓት የቃለ መጠይቅ ልምምድ ብትጨምሪ ክፍልሽ አይጎድልም።

የመጀመሪያው ትምህርት ምን ይሁን ካልሽኝ፣ «አልገባኝም» ማለት ይሁን። አትሳቂ። የእኛ ሰው እንግዳ ፊት አልገባኝም ማለት ይከብደዋል። «የስ፣ የስ» ይላል። ወይም ያቺን ትንፋሽ ሳብ አድርገን የምንላትን «አዎ» ይላታል፣ ፈረንጁም የደነገጠ ይመስለዋል። ከዚያ ማኪያቶ ያዘዘው ሰው ሻይ ይመጣለታል። ሦስት ነገር በቂ ነው። ማስደገም፦ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌይን?» ማጥራት፦ «ዱ ዩ ሚን ስቲል ዎተር ኦር ስፓርክሊንግ?» መድገም፦ «ሶ፣ ቱ ማኪያቶስ፣ ዋን ዊዝ ኖ ሹገር።» ሦስተኛዋ ወርቅ ናት። ትዕዛዝን ደግሞ የማረጋገጥ ልማድ የያዘ ሠራተኛ ሰዋስው ቢሳሳትም እንግዳ አይቆጣበትም። እነዚህን ሦስቱን በየትምህርቱ ውስጥ መልሰሽ አምጪያቸው።

አሁን አንድ ትምህርት ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሳይሽ። ሒሳብን እንቀጥል።

በብዙ ሆቴሎች ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ሰርቪስና ቫትን አይጨምርም። 200 ብር የሚል ምግብ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 220 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 253 ብር። እንግዳው ሜኑውን ከፍቶ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ «ኢት ሴይስ ቱ ሀንድሬድ ሂር» ይላል። ይሄ በሐዋሳም በአዲስ አበባም በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። የውጭ መጽሐፍ ውስጥ ግን በዚህ መልኩ አታገኚውም ብዬ እገምታለሁ።

ገጹ ላይ በመጀመሪያ የሆቴሉ ሜኑና የአንድ ሒሳብ ደረሰኝ ይኑሩ፣ እውነተኞቹ። ሠራተኞቹ ጥንድ ጥንድ ይሁኑ። አንዱ ሜኑውን ብቻ፣ ሌላው ደረሰኙን ብቻ ይያዝ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እየተጠያየቁ ያግኙ። ከዚያ እንግዳው የሚልባቸውን አራት መንገዶች ያድምጡ። አንዱ ግራ የገባው ነው። አንዱ የተናደደ ነው። አንዷ ቀስ ብላ «አይ ቲንክ ዜር ኢዝ ኤ ሚስቴይክ» ትላለች። አንዱ ደግሞ እውነቱን ነው፣ የሌላ ጠረጴዛ ሒሳብ ነው የመጣለት። ሠራተኛው መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው እንደሆነ ነው። መልሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ «ዘ ሜኑ ፕራይስ ኢዝ ዊዛውት ሰርቪስ ኤንድ ታክስ። ሌት ሚ ሾው ዩ።» ለተናደደው ደግሞ፦ «ሌት ሚ ጌት ማይ ሱፐርቫይዘር።» መጨረሻ ላይ ደረሰኙን በጣት እያሳዩ ማስረዳትን ቆመው ይለማመዱ። ቁጭ ብሎ የሚያስተናግድ የለም፣ ልምምዱም ቁጭ ብሎ አይሁን።

ሌላው ከራሳችን የሚመጣ ጣጣ ሰዓት ነው። «ሰቨን ኤኤም» የእኛ 1 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስልክ ይዞ፣ ሌላ እንግዳ ፊቱ ቆሞ ሲሆን ግን ይምታታበታል። እንግሊዛዊው «ሃፍ ሲክስ» ካለ 6፡30 ማለቱ ነው፣ በእኛ 12፡30። ከሁሉ የሚከፋው እኩለ ሌሊት ነው። እንግዳው ስልክ ደውሎ «ፍራይዴይ፣ ዋን ኤኤም እደርሳለሁ» ይላል። ይህ በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ክፍሉ መያዝ ያለበት ለሐሙስ ሌሊት ነው። ሪሴፕሽኑ ለዓርብ ከያዘው ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ውስጥ ያድራል። ለዚህ አጫጭር ድምፆች ቅጂና፣ ሠራተኛው የሆቴሉን የቦታ ማስያዣ ፎርም ራሱን እንዲሞላ አድርጊ። ለሪሴፕሽን ክፍል ይህን ሁለት ጊዜ ብታስተምሪው አይበዛም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ፋስቲንግ ፉድ» ብለን የምንተረጉመው ነገር ለእንግዳ ትርጉም የለውም። እንግዳው የሚጠይቀው «ኢዝ ኢት ቪጋን?» ብሎ ነው። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም፣ በጾም ዓሣ የሚበላ አለና፣ ሐዋሳ ደግሞ ዓሣ የት ይቀራል! የሚያዋጣው መዘርዘር ነው፦ «ኖ ሚት፣ ኖ ፊሽ፣ ኖ ኤግስ፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ በተር።» ሽሮው ቅቤ ካለበት አለበት ይባላል። እንግዳው «አለርጂክ» የሚል ቃል ካወጣ ግን ሠራተኛው መገመት የለበትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «አይ ዊል አስክ ዘ ሼፍ።» ይህን በትልቁ ጻፊው። እዚህ ላይ ስህተት ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ሰዋስው ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ሥራው ሲጠራው ይግባ። ሀውስኪፒንግ ላይ «ሻል አይ ክሊን ናው ኦር ሌተር?» የሚለው ሲመጣ «ሻል አይ»ን አንድ ገጽ ላይ አሳዪ። ፎጣ አልጋ ላይ፣ ሳሙና መሳቢያ ውስጥ፣ ሰውየው በር ላይ፤ በአማርኛ «ላይ» ብለን የምናልፋቸው «ኦን» እና «አት» እዚያ ክፍል ውስጥ በእጅ እየተነኩ ይለዩ። አነጋገር ላይም የሚያሳስተውን ብቻ ምረጪ። አማርኛ አጭርና ረጅም «ኢ»ን አይለይም፤ አንሶላ የሚባለው «ሺት» አጠር ብሎ ከተጠራ ስድብ ይሆናል። አፉን ካልፈታለት «ሊነን» ይበልና ይገላገል።

ደረጃቸው የተለያየ ነው ላልሽው፣ በደረጃ አትከፋፍያቸው። በሥራ ክፍል ከፋፍያቸው። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። 12 ሰዓት ለሁሉም በጋራ፦ ሰላምታ፣ አልገባኝም፣ ሰዓትና ቁጥር፣ ቅሬታ መቀበል። 24 ሰዓት በየሥራ ክፍሉ። ቀሪው 4 ሰዓት ለፈተና። ክፍሎቹን ለየብቻ የምታስተምሪ ከሆነ የአንቺ ሰዓት ከ40 በላይ እንደሚሄድ አትርሺ፣ ክፍያ ላይ እመጣበታለሁ። ጋራው ክፍል ውስጥ ጎበዞቹ እንግዳ ይሁኑ፣ ደካሞቹ ሠራተኛ። እንግዳ መሆን ይከብዳል፣ ስለዚህ ጎበዙም አይሰለችም።

የአማርኛው ጉዳይ ላይ አንድ ነገር አስቢ። ያለሽው ሐዋሳ ነው። ክፍልሽ ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሆነ ብዙ ሰው ይኖራል። አማርኛ ለእነሱ የሥራ ቦታ መግባቢያ ነው። ስለዚህ አማርኛውን ለመመሪያና ለቃላት ፍቺ ተጠቀሚበት፣ አጠር አድርገሽ። ረጅም የሰዋስው ማብራሪያ በአማርኛ መጻፍ ግን ገጽ ማባከን ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በጣም ይረዳል፤ ትህትና ላይ። «ምን ይፈልጋሉ?» የሚለው ጨዋ አነጋገራችን በቀጥታ ሲመለስ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» ይሆናል፣ ጆሮ ላይ ቁጣ ይመስላል። «ዋት ካን አይ ጌት ዩ?» የሚለው ከጎኑ ይቀመጥ። ይኸው ነው።

ኮፒ ስለማድረግ። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 410/1996። ለማስተማር ተብሎ የሚደረግ መጠነኛ ማባዛት በአዋጁ ውስጥ ቦታ አለው። ከሦስት መጽሐፍ ገጽ እየቆረጡ ሞጁል ሰፍቶ ለሆቴል መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ ምን ያደርግልሻል? እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው እንግዳ ለንደን ያለ ሬስቶራንት ውስጥ ስቴክ ያዛል። የአንቺ እንግዳ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣ ህንዳዊ ወይም ቻይናዊ ባለሙያ ነው። እንግሊዝኛው ለእሱም ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የሚያስፈልግሽ ወረቀት ሁሉ ሆቴሉ ውስጥ አለ፦ ሜኑ፣ የመመዝገቢያ ካርድ፣ የላውንደሪ ቅጽ፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው ምልክት። ፈቃዱን ከሆቴሉ በጽሑፍ ውሰጂ። ከሌላ መጽሐፍ የልምምድ ዘዴ ብትማሪ ማንም አይከለክልሽም፣ ገጹን ነው መተው ያለብሽ።

ቻትጂፒቲን እንደምትሞክሪ እገምታለሁ። ሞክሪ። ግን የሚሰጥሽን ንግግር ጮክ ብለሽ አንብቢው። ብዙ ጊዜ እንግዳው ከመጠን በላይ ጨዋ ነው፣ አስተናጋጁም እንደ አምባሳደር ይናገራል። ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ከሰማሽው ጋር አስተያዪውና ግማሹን ቁረጪ።

ገጹን ስትሠሪ አንድ ትምህርት ከአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ አይለፍ። የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ነው፤ ባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥቁር እድፍ ይሆናል፣ በመስመር የተሳለ ሥዕል ይሻላል። ፊደሉ ትልቅ ይሁን። መጻፊያ ክፍት ቦታ ተዪ። አዲስ ቃል በአንድ ትምህርት ከአሥር አይብዛ። ቪኦኤ በ1959 እ.ኤ.አ. ስፔሻል ኢንግሊሽ የሚለውን ፕሮግራም ሲጀምር የዓለምን ዜና ወደ 1,500 በሚሆኑ ቃላት ነበር የሚያቀርበው። ቁርስ ለማስተናገድ ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ገምቺ። ትዕዛዞችሽም አጫጭር ይሁኑ፦ «አድምጥ። ምልክት አድርግ።» ሠራተኛው መልመጃውን ሳይሆን የመልመጃውን ትዕዛዝ ለመረዳት ከተቸገረ ጥፋቱ የገጹ ነው።

ድምፅ የሌለው ሞጁል ግን አትስጪ። ዋናው ሥራ መስማት ነው ካልን ድምፁ ከወረቀቱ ይቀድማል። በስልክሽ ቅጂው። የተለያየ አነጋገር ያላቸውን የምታውቂያቸውን ሰዎች፣ ከተማው ውስጥ የሚሠራ የውጭ ዜጋ ካለም ለምኚ። እያንዳንዱ ድምፅ ከግማሽ ደቂቃ አይብለጥ። በቴሌግራም ላኪላቸው፣ ፋይሉ ትንሽ ይሁን፣ ዳታ ውድ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል አትፈልጊ፤ ጀርባው ላይ የሰሃን ድምፅ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ሥራቸው እዚያ ነው።

ሁሉንም ጽፈሽ ሳትጨርሺ የሒሳቡን ትምህርት ብቻ ወስደሽ አምስት ሠራተኞች ላይ ሞክሪው። የት እንደተንጠለጠሉ ታዪያለሽ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ጻፊ። ፈተናውም የወረቀት አይሁን። አንቺ ወይም ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሆናችሁ ግቡ። መለኪያው አንድ ነው፤ እንግዳው የጠየቀውን አገኘ ወይስ አላገኘም? የ«ኤስ» መጉደል ነጥብ አያስቀንስም።

ክፍያው ላይ፣ ለመጻፍና ለማስተማር ለየብቻ ተዋዋዪ። መጻፉ ከማስተማሩ የበለጠ ሰዓት ይበላል። ሆቴሎች ግን የሚታያቸው 40 ሰዓቱ ብቻ ነው። በክፍል ከፋፍለሽ ስታስተምሪ የሚጨምረውን ሰዓትም አስጽፊ። በዚያው አዋጅ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጥሮ ወይም ታዞ የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ይህን ሞጁል ነገ ለሌላ ሆቴል አሻሽለሽ መስጠት ከፈለግሽ ውሉ ላይ ይግባ። የሆቴሉ ሜኑና ፎርሞች የእነሱ ናቸው፣ የትምህርቱ አወቃቀርና ድምፆቹ ያንቺ ናቸው የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ከመፈረምሽ በፊት አስጨምሪው፤ ከፈረምሽ በኋላ ማንም አይሰማሽም።